አንድ የሙዚቃ ማኅደር፣ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር

በሲያትል ሰሜናዊ ምሥራቅ በምትገኘው ሌክ ሲቲ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖቹን በአንድ የጋራ ዲስክ ላይ አኑሯል እንበል። ወላጆች በዊንዶውስ፣ ልጆች በማክ ይጠቀማሉ፤ ዲስኩ የተያያዘበት ኮምፒውተር በሊኑክስ ይሠራል። ጥላሁን ገሠሠ በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ የአንዳንድ ዘፈኖች ስም አይነበብም፤ አንዳንዶቹም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ አይገኙም።

የመጀመሪያው እክል ከፊደሉ ይነሣል። አንባቢ «ገሠሠ» እና «ገሰሰ»ን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን የሚያወዳድረው ቁጥር ነው። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ሠ በ1220፣ ሰ በ1230 ተመዝግበዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ መስማማት ይኖርበታል። የፋይሉን ስም ማረም ብቻ አይበቃም፤ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ዝርዝራቸውን የሚያወጡት በፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው መለያ ነውና።

የማይነበብ ስም ሦስት መልክ አለው፤ መልኩም መድኃኒቱን ይጠቁማል። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የፊደል ቅርጹ፣ ማለትም ፎንቱ ነው። (ከሌክ ሲቲ ሐይቁን ተሻግሮ በሬድመንድ የሚገኘው ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተሰኘውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።) ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከታዩ፣ ጽሑፉ ምናልባት የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ በመለወጫ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከቀሩ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ ዘፈኑን ሰምቶ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም። የኤምፒ3 መለያ የሆነው «አይዲ3» የመጀመሪያ ስሪት ለርእስ የሚሰጠው 30 ባይት ብቻ ነበር፤ ለግዕዝም አልታሰበም። ዛሬ በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሚያስተማምነው ስሪት 2.3 ነው።

የማይገኘው ፋይል ብዙውን ጊዜ ከስሙ የተነሣ ነው። በላቲኑ ሁለት ነጥብ የተጻፈን ስም ሊኑክስ ሲቀበል ዊንዶውስ አይቀበልም፤ በመልክ የሚመስለውን የግዕዙን «፡» ግን ሁለቱም ይቀበላሉ። አብዛኞቹ የሊኑክስ ፋይል ሥርዓቶች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ገደቡ 85 ፊደል ይሆናል። የዘፋኙን፣ የባንዱንና የአልበሙን ስም የደረደረ ርእስ በቀላሉ ያልፈዋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሌላ ጣጣ አለው፦ በፈረንሳይኛ ስሙ መነሻ ፊደል ላይ ያለችውን ጭረት የቀድሞው የማክ ፋይል ሥርዓት ከፊደሉ ነጥሎ ስለሚያስቀምጥ፣ ሊኑክስ አንዱን አልበም ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። የግዕዝ ፊደላት ከዚህ ነጻ ናቸው።

አጻጻፉ ከተስተካከለ በኋላ ድግግሞሽ የሚያጠፉ ፕሮግራሞችን ማስነሣት ያጓጓል። አብዛኛው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የተቀዳ ዘፈንና በኋላ ዘመን እንደገና የተቀዳው አንድ ርእስና አንድ ዘፋኝ ሊኖራቸው ይችላል። ርእስን ብቻ የሚያነጻጽር ፕሮግራም አንዱን ይሰርዛል፤ ካሴቱ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቅጂ የለም። ስለዚህ ማንኛውም እርማት ከመጀመሩ በፊት ማኅደሩ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ከመሰረዙም በፊት ሁለቱም ይደመጡ።