ከምድር ጫጫታ ሽሽት

የሬዲዮ ሥነ ፈለክ የተወለደው ከስልክ ችግር ነው። የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ ካርል ጃንስኪ አትላንቲክን የሚሻገረውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ድምፅ ምንጩ ምን እንደሆነ እንዲያጣራ ታዘዘ። ኒው ጀርሲ ውስጥ በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ የሚሽከረከር አንቴና ሠርቶ በ20.5 ሜጋኸርትዝ ሲያዳምጥ ከረመ። በ1933 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዱ ድምፅ ከፍኖተ ሐሊብ እንደሚመጣ ይፋ አደረገ።

ጃንስኪ ካዳመጠበት ድግግሞሽ በታች ያለው ሞገድ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ከ10 ሜጋኸርትዝ በታች ያለውን አብዛኛውን ሞገድ አዮኖስፌር፣ ማለትም በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የያዘው የላይኛው አየር፣ ወደ ጠፈር ይመልሰዋል። አሜሪካዊው ግሮት ሬበር ታዝማኒያ ድረስ ሄዶ፣ ሌሊት አዮኖስፌሩ ሲሳሳ ጠብቆ በ2 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ማዳመጥ ችሏል። ለሌላው ግን ከአየሩ በላይ መውጣት ግድ ነበር።

ናሳ በ1968 የመጀመሪያዋን የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ሳተላይት አመጠቀ። ጣሪያው ታለፈ፤ ነገር ግን ምድር ራሷ በማሰራጫ ጣቢያዎቿና በመብረቋ ጆሮ የምታደነቁር ሆና ተገኘች። ስለዚህ በ1973 ሁለተኛዋ ወደ ጨረቃ ምሕዋር ተላከች። እያንዳንዱ ረጅም የአንቴናዋ ክንድ 229 ሜትር ነበር። ሳተላይቷ ከጨረቃ ጀርባ በገባች ቁጥር የምድር ጫጫታ ተቋረጠ፤ ስትወጣ ተመለሰ። ጨረቃ ጋሻ መሆኗ በመሣሪያ ተረጋገጠ።

ከዚያ ዘርፉ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቀዘ። የቀሰቀሱት ትንንሾቹ ሳተላይቶች ናቸው። ቻይና በ2018 ከ1 እስከ 30 ሜጋኸርትዝ የሚያዳምጥ መሣሪያ የያዘችውን 47 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሎንግጂያንግ-2ን ጨረቃ ምሕዋር አስገባች፤ መንትያዋ ግን ሳትሳካ ቀረች። ትንሽነት የሚያዋጣው ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። በ1 ሜጋኸርትዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 300 ሜትር ነው፤ አጥርቶ ለማየት ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ያን የሚያህል አንድ አንቴና መሥራት ስለማይቻል ተራርቀው የሚበሩ ሳተላይቶችን ማስተባበር ይሻላል። የናሳ ሰንራይዝ ዕቅድ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ የተበተኑ ስድስት ትንንሽ ሳተላይቶችን እንደ አንድ ቴሌስኮፕ አቀናጅቶ የፀሐይን ፍንዳታ መከታተል ነው።

ትልቁ ሽልማት ሌላ ነው፦ ከዋክብት ሳይወለዱ የነበረው ሃይድሮጂን የላከው የ1,420 ሜጋኸርትዝ ምልክት፣ ዩኒቨርስ ሲሰፋ ተለጥጦ ዛሬ በጥቂት አሥርት ሜጋኸርትዞች ይደርሰናል። እሱን ለመስማት ከጨረቃ ጀርባ የተሻለ ቦታ በቅርባችን የለም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብም ስፍራው ከሬዲዮ ረብሻ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ወደ ጨረቃ የሚጣደፉ መንግሥታትና ኩባንያዎች ይህን ደንብ ከወዲሁ ያክብሩት፤ ጫጫታችን እዚያም ከደረሰ ወዴት እንሸሻለን?