ዲስኩ እስኪዞር፦ የጌመሮች የፍጥነት ፍለጋ

ጌም ሎድ እስኪያደርግ ስንጠብቅ ብዙዎቻችን ግራፊክስ ካርዱን ወይም ራሙን እንራገማለን። ለረጅም ዓመታት ግን የምንጠብቀው አንድ ዲስክ እስኪዞር ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አይቢኤም ራማክ የተባለውን ኮምፒውተር ከነሃርድ ዲስኩ አወጣ። 61 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች የተደራረቡበት ሣጥን የሰው ቁመት ያህላል። የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ስልካችሁ ላይ አንድ ዘፈን የሚወስደውን ቦታ ያህል ማለት ነው። አሠራሩ የሸክላ ማጫወቻን ይመስላል፦ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ክንዱ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ ከዚያ የተፈለገው መረጃ ዞሮ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ዲስኮቹ እያነሱና እየረከሱ ሄዱ፤ መጠበቁ ግን አልቀረም። መፍትሔው በፍጥነት ማሽከርከር ሆነ። በ1992 የሲጌት ባራኩዳ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ዞረ። በ2003 ዌስተርን ዲጂታል 10,000 ጊዜ የሚዞረውን ራፕተር አመጣ፤ ጌመሮችም ወደዱት። በ2006 እንዲያውም ውስጡ የሚታይበት ባለመስኮት ራፕተር ለገበያ ቀረበ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በ7,200 አንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በአማካይ የምንጠብቀው ግማሹን፣ 4.2 ገደማ ነው። በ10,000 ደግሞ 3 ነው። ያ ሁሉ ጩኸትና ሙቀት ያተረፈው በአማካይ 1.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር። ለዚያውም የመጀመሪያው ራፕተር 36 ጊጋባይት ብቻ ሲይዝ፣ በዚያው ዓመት ተራዎቹ ዲስኮች ከ200 በላይ ይይዙ ነበር። ሌሎች ሁለት ዲስክ በሬይድ 0 አጣመሩ። ትልልቅ ፋይል ቶሎ ይነበብላቸዋል፤ ዙሩን መጠበቁ ግን ያው ነው። አንዱ ዲስክ ከተበላሸ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።

ከዚያ በ2008 የኢንቴሉ ኤክስ25-ኤም መጣ። 80 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ኤስኤስዲ ነው፤ ውስጡ ምንም የሚዞር ነገር የለም። መረጃ ለማግኘት የሚፈጅበት 0.085 ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር። የማሽከርከር ውድድሩ ያኔ አበቃለት።

ይህ ግን የሎዲንግ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ በ2020 እንዳስረዳው፣ በፕሌይስቴሽን 4ቱ ስፓይደር-ማን ጌም አንዳንድ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የመንገድ ዳር የፖስታ ሣጥን፣ ዲስኩ ላይ እስከ 400 ጊዜ ተባዝተው ተቀምጠው ነበር። ለምን? ክንዱ ሩቅ እንዳይሄድ። ቦታችሁን ሲበላ የነበረው የጌሙ ውበት ብቻ ሳይሆን የዲስኩ ዝግመትም ነበር።

ዛሬ ዕቃ ስትገዙ ይህ ታሪክ ገንዘብ ያድናል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንደሚያነብ ነው። የሬይድ 0 ሰዎችም ያሳደዱት ይህንኑ ቁጥር ነበር። ትልቁ ዝላይ ያለው ከሚዞር ዲስክ ወደ ማንኛውም ደህና ኤስኤስዲ ስትሻገሩ ነው። ከሳታ ኤስኤስዲ ወደ ውዱ ኤንቪኤምኢ ስትሄዱ ግን በአብዛኛው ጌም የምታተርፉት ጥቂት ሰከንድ ነው። እንደ ስታርፊልድ ያሉ ጌሞች ኤስኤስዲን ግዴታ አድርገዋል፤ የትኛው ይሁን የሚለው ግን ለኪሳችሁ የተተወ ነው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክም አትጣሉት፤ ለፊልምና ለፎቶ ቢዞር ማንም አይቸኩልበትም።