ዜና መዋዕል ዘሼፈርድስ ቡሽ፤ የክሪኬት ሻምፒዮኖች ሊግ እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ጠፋ

በ7500 ዓመተ ዓለም፣ በ2000 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ሐምሌ 19 ቀን ቅዳሜ፣ በአገራችን የቁልቢ ገብርኤል በሚነግሥበት ዕለት፣ ሚድልሴክስ የተባለው የለንደን ቡድን በሳውዝሃምፕተን አጠገብ ከኬንት ጋር ገጥሞ በ3 ነጥብ አሸነፈ፤ የአገሩንም የአጭሩን ክሪኬት ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ድል ምክንያት ሕንድ ድረስ ሊዘምት ታጨ፤ ሳይዘምት ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ሼፈርድስ ቡሽ በምዕራብ ለንደን ያለ ሰፈር ነው። ጥንት በሚድልሴክስ አውራጃ ሥር ነበረ። በ1881 የለንደን አውራጃ ሲቋቋም ከሚድልሴክስ ተቆርሶ ወደዚያ ገባ፤ ሚድልሴክስም ራሱ በ1957 አስተዳደሩ ፈረሰ። የክሪኬት ቡድኑ ግን አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬ በሎርድስ ሜዳ በአውራጃው ስም ይጫወታል። አውራጃና ጠቅላይ ግዛት ሲቆምና ሲፈርስ ያየ የእኛ አገር ሰው ይህ አይደንቀውም። በሰፈሩ ስም የሚጠራው የሼፈርድስ ቡሽ ክሪኬት ክለብም ሜዳው በምሥራቅ አክተን ነው፤ የሚወዳደረውም በዚሁ በሚድልሴክስ ሊግ ነው።

ከሚድልሴክስ ድል ልክ 100 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1900 ዓመተ ምሕረት፣ ያውም በዘመነ ዮሐንስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙበት ዓመት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሼፈርድስ ቡሽ ታላቅ ኤግዚቢሽን አቆሙ። ቤቶቹን ሁሉ ነጭ ቀቧቸው። አጠገባቸውም 68,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠርተው ኦሎምፒክ አደረጉበት። ውድድሩን የከፈተው ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ነው፤ ራስ መኰንን በ1894 ለዘውድ በዓሉ ወደ ለንደን የሄዱለት ንጉሥ ማለት ነው። ሐምሌ 17 ቀን ዓርብ የማራቶን ሯጮች ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥተው እስከ ንጉሡ መቀመጫ ፊት ሮጡ። ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ ቀድሞ ከስታዲየሙ ገባ፤ ነገር ግን ጉልበቱ ከድቶት ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። ዳኞች ደግፈው መስመሩን ቢያሳልፉትም ስለ ተደገፈ ድሉ ተነጠቀና ለአሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ሆነ። ንግሥት አሌክሳንድራ ግን አዝናለት በማግስቱ ዋንጫ ሸለመችው። የዚያ ቀን መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነበረ። ቤተ መንግሥቱና የንጉሡ ሰገነት እንዲመቻቸው የተለካ ልክ በ1913 የዓለም ሕግ ሆኖ ጸና። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው ይህንኑ ነው።

በሼፈርድስ ቡሹ ኦሎምፒክ ክሪኬት አልነበረም። ክሪኬት ኦሎምፒክ የገባው አንድ ጊዜ፣ ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ በፓሪስ ነው፤ ያኔም የተጋጠሙት ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ተጓዥ ክለብና ፓሪስ የሚኖሩ እንግሊዞች የበዙበት የፈረንሳይ ቡድን ነበሩ። እንግሊዝ ከእንግሊዝ ጋር ተጫውታ ፈረንሳይ ተሸነፈች ተባለ።

ክሪኬት በባሕርዩ ረጅም ነው። የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ አንድ ግጥሚያ 5 ቀን እንደሚፈጅ ሲሰማ ግን ይነሣና ይሄዳል። እንግሊዞችም ራሳቸው እየተነሡ መሄድ ጀምረው ነበር። ስለዚህ ስቱዋርት ሮበርትሰን የተባለ የእንግሊዝ ክሪኬት ቦርድ ባለሙያ አጭር ጨዋታ አቀረበ፦ ለእያንዳንዱ ወገን 120 ኳስ ብቻ ይወረወራል፤ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ ገብቶ፣ አይቶ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትዌንቲ ትዌንቲ የተባለው ይህ ጨዋታ ሰኔ 6 ቀን 1995 ተጀመረ። በዓመቱ ሐምሌ 8 ቀን ሚድልሴክስና ሳሪ በሎርድስ ሲገጥሙ ከ27,000 የሚበልጥ ሰው መጣ፤ ከፍጻሜ ግጥሚያዎች በቀር በዚያ ሜዳ ለአውራጃ ጨዋታ እንዲህ ያለ ሕዝብ ከታየ ግማሽ ምዕት ዓመት ሆኖት ነበር።

በመስከረም 1998 በሌስተር ከተማ የየአገሩ ክለቦች በዚሁ በአጭሩ ጨዋታ ተወዳደሩ፤ የፓኪስታኑ ፋይሳላባድ ዎልቭስ የስሪላንካውን ቺላው ማሪያንስ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ያኔ ማንም ጉዳዬ አላለውም።

ሰኔ 4 ቀን 2000 አለን ስታንፎርድ የተባለ የቴክሳስ ባለጸጋ በሄሊኮፕተር መጥቶ በሎርድስ ግቢ አረፈ። በብርጭቆ መሳይ ሣጥን የታጨቀ ዶላር አስይዞ 20 ሚሊዮን ነው አለ፤ በአንቲጓ ለሚደረግ የአንድ ሌሊት ግጥሚያ ሽልማት ይሆን ዘንድ። የእንግሊዝ ክሪኬት ሹማምንትም ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። (ይህ ሰው በ2004 በማጭበርበር ወንጀል 110 ዓመት ተፈረደበት።)

በመግቢያው ባነሣነው በሐምሌው ፍጻሜ ኦዌይስ ሻህ ለሚድልሴክስ 75 ነጥብ አስቆጠረ፤ ውጤቱም 187 ለ184 ሆነ። በዚያው ዓመት የሕንድ፣ የአውስትራሊያና የደቡብ አፍሪካ ቦርዶች የየአገሩን ሻምፒዮኖች የሚያገናኝ ሊግ አቋቁመው 6 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረቡ። ኬንትም ልሂድ ቢል ሕንዶች ከለከሉት፤ የሕንድ ቦርድ ባወገዘው በአንድ ሌላ ሊግ የተጫወቱ ሰዎች፣ ጀስቲን ኬምፕና አዝሃር ማህሙድ፣ በቡድኑ ውስጥ ነበሩና። በሁለት ሊጎች ጠብ አንድ አውራጃ ቀረ። ከእንግሊዝ ሚድልሴክስ ብቻውን ከ8ቱ ተወዳዳሪ ቡድኖች ተቆጠረ።

ዘመነ ማቴዎስ ገባ፤ 2001 ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን ሚድልሴክስ በስታንፎርድ ግብዣ አንቲጓ ወርዶ በትሪኒዳድና ቶቤጎ ተሸነፈ። ጥቅምት 20 ቀን በሼፈርድስ ቡሽ፣ የድሮው ኤግዚቢሽን በቆመበት መሬት ላይ፣ ዌስትፊልድ የተባለው ታላቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ሊጉ በሕንድ የሚጀመረው ኅዳር 24 ቀን ነበረ። ኅዳር 17 ቀን ረቡዕ ማታ ግን 10 ታጣቂዎች ሙምባይ ገብተው በባቡር ጣቢያ፣ በሆቴሎችና በአይሁድ ቤት ከ160 በላይ ሰው ፈጁ። ውድድሩ መጀመሪያ ተላለፈ፣ ኋላም ተሰረዘ። ከፓኪስታን የታጨው ሲያልኮት ስታሊየንስ ለሚቀጥለውም ዓመት አልተጠራም። ሚድልሴክስም ዳግመኛ ዕጣው አልወጣለትም፤ እንግሊዝን ወክለው በ2002 የሄዱት ሰሴክስና ሶመርሴት ናቸው።

የቀረው አጭር ነው። በዚሁ በ2002 በተካሄደው በመጀመሪያው ውድድር ኪየሮን ፖላርድ የተባለ የትሪኒዳድ ወጣት በሃይደራባድ በ18 ኳስ 54 ነጥብ መታ፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ የሙምባይ ቡድን በ750,000 ዶላር ገዛው። ለሚድልሴክስ ተጫውቶ የነበረው ዲርክ ናነስም ለሕንዱ ለዴልሂ ተሰልፎ የተወለደበትን የአውስትራሊያውን ቪክቶሪያን ገጠመ። የሊጉ ሕመም እዚህ ላይ ታየ፦ አንድ ሰው የሁለትና የሦስት አገር ሻምፒዮን ከሆነ ሕዝቡ ለማን ያጨብጭብ? የሕንድ ቡድን በሌለበት ቀን ወንበሩ ባዶ ነበር። የማራቶን ልክ ለንጉሥ ምቾት ተለክቶ ጸና፤ 120ው ኳስ ለሠራተኛ ምቾት ተለክቶ ጸና፤ ይህ ሊግ ግን ለቴሌቪዥን ሻጭና ገዢ ብቻ የተለካ ነበርና የሚጠብቀው ሰፈርተኛ አጣ። የ10 ዓመቱ የሥርጭት መብት 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጦ ነበር።

ሐምሌ 7 ቀን 2007፣ በሥላሴ ዕለት፣ የመጨረሻው ባለዋንጫ ቼናይ ሱፐር ኪንግስ በውርርድ ቅሌት ለ2 ዓመት ታገደ። በማግስቱ ሊጉ ራሱ መፍረሱ ተነገረ። 6 ጊዜ ተካሂዶ 4ቱን የሕንድ፣ 2ቱን የአውስትራሊያ ቡድኖች ወሰዱ፤ ጨዋታውን ካወጡት ከእንግሊዞች ወገን ለፍጻሜ የደረሰ አንድም ቡድን የለም።