ሻይ መቀዳቱን ለልጅ የሚናገረው ፔርሙዝ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ጦርነትም ስለ ንጉሥም አይደለም፤ ስለ አንድ የጃፓን ፔርሙዝ ነው። ክፍል ውስጥ ባነሳው ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?" ይሉኛል። አይመጣም። ግን ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር "ለእማዬ ስማርት ሰዓት ልግዛላት ወይ?" እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970 ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከመቶ ሰው 7ቱ ገደማ ነበሩ። በ1994 ቁጥሩ 14 ደረሰ። 24 ዓመት ብቻ! ፈረንሳይ ለዚሁ ለውጥ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄዱ፣ ወላጆች ብቻቸውን ቀሩ። በጥር 1995 ደግሞ ኮቤ ከተማን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 ሰው በላይ ገደለ። ከአደጋው የተረፉ ብዙ አረጋውያን ከለመዱት ሰፈር ተነቅለው ጊዜያዊ ቤቶች ውስጥ ገቡ። ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ። በነዚያ ቤቶች ከ200 በላይ ሰዎች ብቻቸውን ሞተው ተገኙ። ጃፓኖች እንዲህ ላለው ሞት ስም አላቸው፤ "ኮዶኩሺ" ይሉታል፣ የብቸኝነት ሞት።

በ1996 ቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ በሚባለው ሰፈር፣ የታመመ ልጃቸውን ያስታምሙ የነበሩ አንዲት አዛውንት ከነልጃቸው ሞተው ከወር በኋላ ተገኙ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል! ዜናው አንድ ሐኪምን በጣም አሳዘነውና ዞጂሩሺ ለሚባለው ድርጅት ጥያቄ አቀረበ፤ ሰው በየቀኑ በሚነካው የቤት ዕቃ የአረጋውያንን ደኅንነት ማወቅ አይቻልም ወይ አላቸው። ዞጂሩሺ በ1918 ኦሳካ ውስጥ ፔርሙዝ በመሥራት ሥራ የጀመረ ነው፤ የስሙ ትርጉም "የዝሆን ምልክት" ማለት ነው።

መልሱ በ2001 መጣ፤ "አይፖት" የሚባል የኤሌክትሪክ ፔርሙዝ። ውስጡ ገመድ አልባ መላኪያ አለው። እናትየዋ ሻይ ሊጠጡ ሙቅ ውኃ ሲቀዱ ምልክቱ ወደ ሰርቨር ይሄዳል፤ ሌላ ከተማ ያለው ልጅ በቀን ሁለቴ ኢሜል ይደርሰዋል። በቃ። ሻይ ከተቀዳ እማማ ተነስተዋል ማለት ነው። እኛ ሰፈር ጠዋት የቡና ሽታ ካልመጣ "እትዬ ዛሬ ምን ሆኑ?" እንደምንለው ነው እኮ።

የዚህን ነገር ጥበብ ለማየት ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር አንድሩ ዲብነር በ1974 "ላይፍላይን" የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ አረጋውያን ሲቸገሩ ቁልፍ ተጭነው እርዳታ እንዲጠሩ ነው። ብዙ ሰው አድኗል፣ አላናንቀውም። ግን ቁልፉን መጫን ያለበት የወደቀው ሰው ራሱ ነው። በ2008 የታተመ የካምብሪጅ ጥናት ዕድሜያቸው ከ90 በላይ የሆኑ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ወድቀው ረጅም ሰዓት መሬት ላይ ከቆዩት አብዛኞቹ የጥሪ ቁልፍ እያላቸው አልተጠቀሙበትም። አንዳንዱ አላደረገውም፣ አንዳንዱ ሰው ማስቸገር አልፈለገም። "ልጄን ሥራ ላይ አላስጨንቀውም" የሚል ወላጅ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም።

አፕል በ2018 መውደቅን የሚለይ ሰዓት አወጣ። ሰውየው ወድቆ ካልተንቀሳቀሰ ሰዓቱ ራሱ ይደውላል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ቻርጅ ይፈልጋል፣ በየጠዋቱ ማሰር ይፈልጋል። ፔርሙዙ ግን ከሴትየዋ ምንም አዲስ ነገር አልጠየቀም፤ ሻይ ድሮም ይጠጡ ነበር።

ችግር የለውም አልልም። እናት ስንት ጊዜ ሻይ እንደቀዱ ልጅ መቁጠሩ ስለላ አይሆንም ወይ? ይህን ጥያቄ አቅልዬ አላየውም። እኔን ደስ የሚለኝ ፔርሙዙ ላይ ያለው "ወጥቻለሁ" የሚል ቁልፍ ነው፤ እማማ ከቤት ሲወጡ ይጫኑትና ልጁ እንዳይሰጋ ይነገረዋል። ማለትም የሚታዩት ሴት ራሳቸውም የሚናገሩበት መንገድ አላቸው።

እናንተም ቴሌግራም ላይ የእናታችሁን "ላስት ሲን" የምታዩት ለዚሁ ነው፣ አትዋሹኝ! ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ፦ ሰዓቱን ግዙ፣ አልከለክልም። ግን መጀመሪያ መብራት ሲጠፋም የምታነሳዋን የጎረቤት ስልክ መዝግቡ። ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ሆናችሁ መልእክቱ ቢደርሳችሁ በሩን የምታንኳኳው እሷ ናት።

ጃፓኖችም እዚሁ ዙሪያ ሲመላለሱ ነው የኖሩት። በ2015 የጃፓን ፖስታ ከአፕልና ከአይቢኤም ጋር ሆኖ በ2020 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርሱ አረጋውያን አይፓድ ለማዳረስ ማቀዱን በትልቅ መግለጫ አስታወቀ። በ2017 ይኸው ፖስታ ቤት በመላ አገሪቱ ያስጀመረው አገልግሎት ግን ሌላ ነው፤ የፖስታ ሠራተኛ በወር አንዴ አረጋውያኑ ቤት ሄዶ 30 ደቂቃ ያህል ያወራቸዋል። ከዚያ እንዴት እንዳገኛቸው ለልጆቻቸው ይልካል።