«ቼ በለው»፦ ከአንድ ዜማ በቀር ያልተሰማው አልበም

የአርሲ ደጋ የፈረስ አገር ነው። ከአሰላ እስከ ጮሌ ወረዳ ባለው ደጋ ሰው ገበያ የሚወጣው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሙሽራ የሚያጅበው በፈረስ ነው። በአማርኛም «ጮሌ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ፈጣኑ ፈረስ ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ «ቼ» ከተባለ ይበቃዋል፤ አለንጋ አያሻውም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ላሳተመው ሸክላ «ቼ በለው» የሚል ስም ሲያወጣ ትርጉሙን ማስረዳት አላስፈለገውም።

ይህ አልበም ዛሬ «ድንቅ» ይባላል። ድንቅ ከሚሉት ውስጥ ግን ብዙዎቹ የሚያውቁት አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ን። ሙሉውን ያዳመጠ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። አልበሙ ወጣ ገባ ነው። አንዳንዱ ሥራ ያስደነግጣል፣ አንዳንዱ በሆቴል እራት ሰዓት ለስለስ ብሎ የሚሰማ ማጀቢያ ይመስላል። ይህን መናገር ባንዱን ማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ዋልያስ የሞከረው ነገር የሚገባን እዚያ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የድምፃዊ ነበር። ሕዝብ የሚያስታውሰው ዘፋኙን ነው፣ ባንዱ አጃቢ ነው። በመሣሪያ ብቻ መጫወት አዲስ ነገር አልነበረም። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን፣ ሙላቱ አስታጥቄ በኢትዮ ጃዝ እ.ኤ.አ. በ1972 አልበም አውጥተዋል። እነሱ ግን በአንድ ሰው ስም የሚጠሩ ናቸው። ዋልያስ ዘፋኙን አውጥቶ ወንበሩን ለማንም አልሰጠም። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ የመላኩ ገብሬ ቤዝ፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ የተማረ ሐረጉ ድራም፣ በእንግድነት የመጣው የሙላቱ ቪብራፎን በየተራ ይናገራሉ።

ሙከራው ሁልጊዜ አልሠመረም። «ሎሚ ተራ ተራ»ን የመሰለ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ዜማ ያለ ግጥም ሲመጣ፣ አድማጩ የጎደለውን ቃል በልቡ ይሞላል እንጂ አዲስ ነገር አይሰማም። መሣሪያው የዘፋኙን መንገድ እየተከተለ ነውና። የግርማ በየነ ድርሰት በሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ግን የሚከተሉት ዘፋኝ የለም። ቤዙ አንድ ሐረግ ይዞ አይለቅም፣ ነፋሾቹ ባንድ ድምፅ ይወርዱበታል። ይህን ያገኙት ግን ያንን እየሞከሩ ነው። ደካማዎቹ ባይኖሩ ጠንካራው አይወለድም ነበር።

ዘመኑም መታወስ አለበት። 1977 የቀይ ሽብር ዋዜማና መባቻ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነበር፣ ግጥም በቅድመ ምርመራ ያልፋል። ዋልያስ ይጫወት በነበረበት ሂልተን ሆቴል ታዳሚው ሰዓት እላፊው እስኪነሳ እስከ ንጋት ይቆይ ነበር። ቃል የሌለው ሙዚቃ ለመርማሪው የሚሰረዝ መስመር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ያለበት ባንድ ደግሞ ዜማ ማስረዘምና መደጋገምን ይለምዳል። አልበሙ የሚስበውም የሚያሰለቸውም ከዚሁ ልማድ በመጣ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጉዞ፣ ግማሹ ሲመለስ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላኩና ግርማ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ የጉዞ ደንበኛ እየጠበቀ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ሸክላው የውጭ ሰብሳቢዎች በውድ የሚሻሙበት ብርቅ ዕቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ተጫወተው። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ደግሞ የኃይሉን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው፤ በሚቀጥለው ዓመት «ቼ በለው»ን አስከተለ።

አሳታሚው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን 37 ዓመት ሙሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን አልበም ዳግም ያሳተመ አልተገኘም። ውጤቱም ይታያል። የትኛው ሥራ እንደሚበልጥ የወሰነው የውጭ ጆሮ ነው፤ ለመደነስ የሚመቸው ተመረጠ፣ ሌላው ተረሳ። «ብርቱካኔ»ን ወይም «ሎሚ ተራ ተራ»ን ከነግጥሙ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚሰማው ነገር አለ፦ ባንዱ የት ላይ ከዜማው እንደወጣ፣ የት ላይ ፈርቶ እንደተመለሰ። ይህን ለአሜሪካዊ አድማጭ ማስረዳት ይከብዳል፣ ለአገሬው አድማጭ ግን አስረጂ አያሻውም።

ስለዚህ «ቼ በለው» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይዘለል ቢደመጥ ይሻላል። በውስጡ ያለው የተሳካለት ባንድ ብቻ አይደለም። በክፉ ዘመን ቃል ሳይኖራቸው ለመናገር የሞከሩ፣ አንዳንዴ የተሳካላቸው፣ አንዳንዴ ያልተሳካላቸው ሰዎች ናቸው። ፈረሱ አንዳንድ ቦታ ተሰናክሏል፤ ቢሆንም ማንም ባልሄደበት ሜዳ ጋልቧል።