ከኩሬው ዳር እስከ ሶላት ሶፍ

ዛሬ ወደ ሕንድ እንሻገራለን።

ዳሊቶች በትውልዳቸው ብቻ እንደ ርኩስ ተቆጥረው ከጋራ ውሃ እንኳ ሲከለከሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ዶክተር አምቤድካር በማሃድ ከተማ ወገኖቻቸውን እየመሩ ከተከለከለው ኩሬ ጠጡ፤ ሰልፈኞቹም ተደበደቡ። እርሳቸው በረቂቁ የደከሙበት የ1950 ሕገ መንግሥት ይህን መድልዎ ከለከለ፤ ንቀቱ ግን ከሰው ልብ አልወጣም። በ1956 በናግፑር ከመቶ ሺዎች ጋር ወደ ቡድሂዝም ገቡ።

በ1981 ደግሞ በታሚል ናዱ፣ ሚናክሺፑራም መንደር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዳሊቶች እስልምናን ተቀበሉ። «በገንዘብ ተገዙ» ተባሉ። ነገር ግን በ1950ው ድንጋጌ መሠረት ዳሊት ሲሰልም በማዕከላዊው መንግሥት ለዳሊቶች የተመደበውን የሥራና የትምህርት ኮታ ያጣል። ታዲያ የፈለጉት ክብር እንጂ ሌላ ምን ይሆን?

ይሁንና በሕንድ ሙስሊሞች ዘንድም በዘር መናናቅ አልጠፋም። እኛስ? በሶፍ ትከሻ ለትከሻ የገጠምነው የሸክላ ሠሪ ወይም የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቀን «ዘሩ ማን ነው?» የምንል ከሆነ፣ የቢላልን ታሪክ ለልጆቻችን በምን አፍ እንነግራለን? አላህ ልባችንን ከኩራት ያጽዳልን። አሚን።