ድባብ ከየት ይገኛል? ከአትባራ ወንዝ እስከ ገዳሪፍ የሰሊጥ ማሳ

ልብ ወለድ በምናስተምርበት ክፍል ተማሪው በቶሎ የሚይዘው ታሪኩን፣ ቀጥሎም ገጸ ባሕርያቱን ነው። ድባብ የሚባለውን፣ ማለትም በድርሰቱ ላይ ሰፍኖ አንባቢውን ወደ ፍርሃት ወይም ወደ ተስፋ የሚመራውን ስሜት ለማስረዳት ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን። ተማሪውም ድባብ ፍጠር ሲባል «አስፈሪ ሌሊት»፣ «አሳዛኝ ምሽት» እያለ ቅጽል ይደረድራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድባብ የሚገኘው ከቅጽል ሳይሆን ከቦታው ሰዎች ኑሮና ታሪክ መሆኑን ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ከመተማ ማዶ ያለውን የገዳሪፍንና የምሥራቅ ሱዳንን ጠረፍ ነው።

በመጀመሪያ ወንዙን እንመልከት። የአትባራ ውኃ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ጓንግ በመተማ በኩል ወርዶ አትባራ ይሆናል፤ ተከዜም ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ከእርሱ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ የወንዙ የታችኛው ክፍል ይደርቅና አሸዋና ኩሬ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1861 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ወደ ገዳሪፍ ከመዝለቁ በፊት በዚሁ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። በሰኔ ወር አንድ ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። አረቦቹ ወንዙ መጣ እያሉ ጮኹ፤ በአሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ፤ እዚያው የነበሩትን ሁለት የጉማሬ ራስ ቅሎች ለማትረፍ ቁልቁል ሮጡ። ሲነጋ ማታ አሸዋ የነበረው ቦታ ወርዱ 450 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ የዘነበው ሩቅ በኢትዮጵያ ተራሮች ነበር።

ቤከር ይህን የጻፈው እንደ ልብ ወለድ አልነበረም። ሆኖም ይህ አጭር ትርኢት ለደራሲ ትልቅ ትምህርት አለው። መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፤ ምክንያቱ በኋላ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርሃቱን የምናውቀው ሰዎቹ ምን ለማትረፍ እንደሮጡ በማየታችን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የመተማ ጦርነት ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የደርቡሾችን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ ድሉ የቀረበ ይመስል ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቁሰላቸው በተሰማ ጊዜ ግን ያው ጦር ተፈታ። ልብ እንበል፤ ሜዳው አልተለወጠም፤ ፀሐዩም ያው ነበር። የተለወጠው ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው ወሬ ነው። ስለዚህ ድባብ የመልክዓ ምድር ጠባይ ብቻ አይደለም። ያንኑ ሜዳ ደራሲው ከወሬው በፊትና ከወሬው በኋላ ቢጽፈው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይሆናሉ።

ሦስተኛው የሥራ ድባብ ነው። በገዳሪፍ አካባቢ የትራክተር እርሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ ለማጨድ ከምዕራብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። በክረምት ጥቁሩ አፈር መኪና ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። እነዚህን ሠራተኞች የልብ ወለዱ ባለቤቶች ያደረጋቸው በከሰላ የተወለደው ሱዳናዊ ደራሲ አብደልአዚዝ በረካ ሳኪን ነው። «አል ጀንጎ፥ የምድር ምስማሮች» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2009 የጣይብ ሳሊህን ሽልማት ቢያገኝም በሱዳን ታግዷል። የጠረፉን ሰው በሥራው፣ በመጠጡና በጨዋታው መካከል ማሳየት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ብልሃት ብቻ አይደለም። በገዳሪፍ ግዛት ያለው የኡም ራኩባ ሰፈር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የኢትዮጵያ ስደተኞችን አስጠልሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀብሏል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሐምዳየት በኩል ሰቲትን ተሻግረው የመጡ ናቸው። ስለ ስደት ጻፉ ስንላቸው ተማሪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ እንባና አቧራ ብቻ ይጽፋሉ። በመጠለያ ያለ ሰው ግን እንጀራ ይጋግራል፣ ልጅ ይድራል፣ ይከራከራል፣ ይስቃል። ሁሉን በአንድ ኀዘን የሸፈነ ድርሰት የሚያዝን ይመስላል እንጂ የሰውየውን ሰውነት ይነጥቀዋል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ የሚከተለውን መሞከር ይቻላል። ተማሪው የሚያውቀውን አንድ ቦታ ይምረጥ፤ ወቅቱን፣ የሚሠራውን ሥራና የሚሰማውን ድምፅ ይመዝግብ። ከዚያም ያንኑ ቦታ አንድ ወሬ ከመድረሱ በፊትና ከደረሰ በኋላ በሁለት አንቀጽ ይጻፍ። «አሳዛኝ»፣ «አስፈሪ»፣ «አስደሳች» የሚሉ ቃላት ይከልከሉ። ቀጥሎ ጓደኛው አንብቦ የተሰማውን ይናገር። የተሰማው ስሜትና ጸሐፊው ያሰበው ከተለያዩ፣ የሚፈለገው ሌላ ቅጽል ሳይሆን ሌላ እውነተኛ ዝርዝር ነው። ያን ዝርዝር ተማሪው ከራሱ ባያገኘው፣ ወደ አባቶቹና ወደ እናቶቹ ሄዶ ይጠይቅ፤ የታሪክ ትምህርትና የድርሰት ትምህርት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።